ለፋሲካ የተገዛው ቦቃ ምን ይብላ?

«ለፋሲካ የገዛነውን የፍየል ሙክት ልጆቼ አይታረድም ብለው አለቀሱ። አባታቸውም ተሸነፈና በዓሉን በዶሮ አሳለፍን። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦቃ አሉት። ብቻውን ሲውል እየጮኸ አስቸገረን፤ አንዲት በግ ገዛንለት። አሁን 8 ወር ሆናቸው። ጠዋትና ማታ ፉርሽካ እንሰጣቸዋለን፤ ለሁለቱ በቀን 1 ኪሎ ያህል ይሆናል። ከዚያ ውጭ ጭድ፣ የእንጀራና የዳቦ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ ይበላሉ። አሞሌ ጨውም አስቀምጠናል። ቦቃ ግን ግድግዳ ይልሳል፣ ካርቶን ይበላል፣ ጥቁር ጸጉሩም ወደ ቡናማ እየሄደ ነው። መኖ ቤት ሄደን ‹ለበግና ለፍየል› የሚል ሚኒራል ሰጡን። ይበቃዋል? ሌላስ ምን እንጨምርለት? ትንሹ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፤ ፍየሉ አንድ ነገር ቢሆን እንዴት እንደምንነግረው አላውቅም።» ከለገጣፎ

እህቴ፣ ልጆችዎን እግዜር ያሳድግልዎ። ሙክትን ከቢላ ያስጣሉ ልጆች ብዙ አላጋጠሙኝም።

የጠየቁኝ ምን እንጨምርለት ብለው ነው። እኔ ግን በሚቀነሰው ልጀምር። ፉርሽካው ይቀነስ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ግድግዳውም፣ ጸጉሩም፣ ሚኒራሉም ይደርሳሉ፤ ፉርሽካው ግን አይቆይም።

እኛ አገር ስለ ፍየል መኖ ማንንም ቢጠይቁ የሚነግርዎት ስለ ማድለብ ነው። ጎረቤትም፣ መኖ ቤትም፣ ብዙ ጊዜ ባለሙያውም። ሙክቱን ገዝቶ 3 ወር ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) ማብላት፣ ማወፈር፣ ለበዓል ማድረስ። ለዚያ ሥራ ምክሩ ትክክል ነው። ከ3 ወር በኋላ ለሚታረድ ፍየል የሽንት ቧንቧው ምን ሆነ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ቦቃ ግን በደንብ ከተያዘ 12 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ትንሹ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሱ ደጅ ላይ ተኝቶ ያመሰኳ ይሆናል። ስለዚህ መኖውን ስንመርጥ ዓመታቱን እያሰብን ነው።

ፉርሽካ የስንዴ ገለፈት ነው። ጉልበትም ፕሮቲንም አለው፤ ፍየልም ይወደዋል። ችግሩ ፎስፈረሱ ነው። በ100 ግራም ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ 1 ግራም ያልፋል፤ ካልሲየሙ ግን 0.15 ግራም እንኳ አይሞላም። ፎስፈረሱ 7 እና 8 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ለቦቃ የሚስማማው ተቃራኒው ነው። በቀን የሚበላው ሁሉ ሲደመር ካልሲየሙ የፎስፈረሱን 2 እጥፍ ያህል መሆን አለበት።

ድርቆሽና ቅጠል እያመሰኳ የሚውል ፍየል ብዙ ምራቅ ያመነጫል። ትርፍ ፎስፈረስ በምራቁ ወደ ከርሱ ይመለስና በበጠጡ ይወጣል። ፉርሽካ ሲበዛ ማመስኳቱ ይቀንሳል፣ ምራቁም ይቀንሳል። ያኔ ፎስፈረሱ በሽንት በኩል ለመውጣት ይሞክራል። እዚያ ከማግኒዚየምና ከአሞኒያ ጋር ተያይዞ አሸዋ ይሠራል፣ አሸዋው ጠጠር ይሆናል።

ሴት ፍየል ብትሆን ቧንቧዋ አጭርና ሰፊ ስለሆነ አሸዋው ወጥቶ ይሄዳል። የወንዱ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ነገር አለው። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚወተፈው እዚያ ነው። ሙክት ሲሆን ይብሳል፤ በግልገልነቱ የተኮላሸ ፍየል ቧንቧው እንደ አውራው አይሰፋም። አገራችን ውስጥ ብዙው ሙክት የሚኮላሸው ካደገ በኋላ መሆኑ ትንሽ ይረዳል። ግን አይተማመኑበት።

አንድ ቤት ከአእምሮዬ አይጠፋም። እንደ እናንተው ፍየላቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ፍየሉ ያምጣል፣ ጅራቱን ያርገበግባል፣ ምንም አይወጣውም። «ሆዱ ደርቋል» ብለው ዘይት አጠጡት። በ3ኛው ቀን ተጠርቼ ስደርስ ማምጡን አቁሞ ነበር። ተሻለው ብለው ደስ ብሏቸው ጠበቁኝ። ዝም ያለው ፊኛው ስለፈነዳ ነበር። ያን ሁሉ ፉርሽካ የሰጡት ለፍቅር ብለው ነው፤ ይህን ለእናትየው መንገር በጣም ከበደኝ።

ስለዚህ እርስዎም ልጆቹም ይህን ይወቁ። ፍየሉ እግሮቹን ዘርግቶ ቆሞ ካማጠ፣ እያንጠባጠበ ወይም ምንም ሳይወጣው ከቀረ፣ ሆዱን በእግሩ ከመታ፣ መኖ ትቶ ጥርሱን ካፋጨ፣ የሽንቱ መውጫ ላይ ያለው ጸጉር ደርቆ አሸዋ የመሰለ ነገር ከያዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠሩ። ነገ ጠዋት አይባልም። ዘይትም የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይስጡ። ጠጠሩ ጫፉ ላይ ከሆነ ሐኪሙ ያችን ክር መሳይ ነገር በመቁረጥ ብቻ ሊያድነው ይችላል። ከፍ ያለ ሕክምና ከተፈለገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ አለ። ከለገጣፎ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የሰፈርዎን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ግን ሳያስፈልግዎ በፊት ይያዙ።

አሁን ወደ ምግቡ።

ቦቃ 35 ኪሎ ይመዝናል ብለን እንነሳ። በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። የዚህ ትልቁ ድርሻ ጥሩ ድርቆሽ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይቀመጥለት፤ ፍየል መራጭ ስለሆነ የሚተወውን አስበው 1 ኪሎ ተኩል ያቅርቡ። የተረፈውን በጓ ትጨርሰዋለች። እናንተ አካባቢ የሱሉልታ ድርቆሽ ይገኛል። ሲገዙ እስሩን ከፍተው መሃሉን ይዩ። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ቅጠሉ ከአገዳው የበዛ፣ ሲሸት ደስ የሚል ይሁን። ነጭ አቧራ የሚያቦን ከሆነ ሻጋታ ነው፤ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይውሰዱት። በጥቅምትና በኅዳር ቶሎ የታጨደው ቆሞ ከደረቀው ይሻላል። ቦታ ካለዎት የዓመቱን ያኔ ይግዙ፤ ክረምት ሲመጣ ዋጋውም ይወጣል ጥራቱም ይወርዳል።

ጭዱን መጣል የለብዎትም። ከስንዴና ከገብስ ገለባ የጤፍ ጭድ ይሻላል። ግን ፕሮቲኑ ከ100 ግራም 4 ወይም 5 ግራም ነው። ከርስ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት በትንሹ 7 እና 8 ይፈልጋሉ። በጭድ ላይ የሚኖር ፍየል ሆዱ ይነፋል፣ ጀርባው ግን ይሾላል። ሰው ጠግቧል ይላል፤ እሱ እየተራበ ነው። የምስር፣ የአተር ወይም የሽምብራ ገለባ ካገኙ ይግዙ። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ከጭድ ይበልጣል፤ የጎደለንም ካልሲየሙ ነው።

ከሁሉ የምወድልዎት ግን ቅጠል ነው። ፍየል እንደ በግ ሣር ጋጭ አይደለም፤ ቀንጣቢ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ከቁጥቋጦ ቅጠል መልቀም ተፈጥሮው ነው። ካርቶኑን የሚበላው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አፉ ሥራ ፈቷል። የግራር፣ የዋንዛ፣ የወይራ፣ የግራዋ ቅርንጫፍ አስቆርጠው በራሱ ቁመት ልክ ይስቀሉለት። በቀን አንድ እቅፍ ይበቃዋል። መሬት ላይ ከጣሉለት ረግጦ ይተወዋል። አጥር ዳር ሰስባኒያ ወይም ትሪ ሉሰርን ቢተክሉ ከዓመት በኋላ መኖ ከግቢ ይለቀማል። ሉኪኒያም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሲበላ የሚጎዳ ነገር ስላለው ከሚበላው ከሲሶ አይለፍ። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ካልሲየም ይበዛዋል፤ በቀን አንድ ሁለት እፍኝ ከድርቆሹ ጋር ፎስፈረሱን ያስተካክልልናል። ዋና ምግቡ አያድርጉት፤ ሲበዛ ሌላ ዓይነት ጠጠር ያመጣል።

ካርቶን ካነሳን፣ ግቢው ውስጥ ፌስታል እንዳይኖር። ጨው ወይም ምግብ የነካው ፌስታል ለፍየል ምግብ ነው። ከርስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ አይወጣም።

ቅጠል ሲቆርጡ ግን ይጠንቀቁ። የአቮካዶ ቅጠል የፍየልን ልብ ይጎዳል፤ ግቢያችሁ ውስጥ ዛፉ ካለ ቦቃ አይድረስበት። ጉሎ፣ አስተናግር፣ እንዶድ፣ የወፍ ቆሎም እንዲሁ። «ፍየል የሚሆነውን ያውቃል» የሚባለው ሜዳ ላይ ምርጫ ላለው ፍየል ነው። ግቢ ውስጥ የተዘጋ ፍየል ያገኘውን ይቀምሳል።

እንጀራና ዳቦውን ልጆቹ በእጃቸው እንደሚያጎርሱት እገምታለሁ። ቁራሽ አይገድለውም። የበዓል ማግስት ድፎ በሳፋ ሲሰጠው ግን ይገድላል። ሊጥና ቡሆ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ከርሱ ውስጥ ኮምጥጦ በአንድ ሌሊት ይጥለዋል። ለልጆቹ ሌላ የሚያጎርሱት ነገር ይስጧቸው፤ የካሮት ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የስኳር ድንች ሐረግ። ጥቅል ጎመንም ይሆናል፣ ግን በየቀኑ አይሁን።

ፉርሽካው ፈጽሞ ይቅር አልልም። ቦቃን ለመጥራት፣ መድኃኒት ወይም ሚኒራል ለማብላት ይጠቅማል። በቀን ከ100 ግራም አይለፍ፤ አንድ ትልቅ እፍኝ ነው። እላዩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ያህል፣ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይነስንሱ። በዚያ መጠን ካልሲየሙ ፎስፈረሱን 2 እጥፍ ይሆናል። አደራ፣ መኖ ቤት ለዶሮ መኖ መቀላቀያ የሚሸጠውን ዱቄት ነው የምለው። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም። እሱ አፍና አንጀት ያቃጥላል። የአጥንት ዱቄትም አይግዙ፤ ፎስፈረስ ይጨምራል፣ በሽታም ሊያመጣ ይችላል።

የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ለቦቃ ግን አያስፈልገውም። አይወልድ፣ አያጠባ፣ አይደልብ። በዚያ ላይ የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል።

ውኃ። ደረቅ መኖ የሚበላ ፍየል በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይፈልጋል። ብዙ ውኃ የሚጠጣ ፍየል ሽንቱ ቀጭን ነው፣ አሸዋውም ይታጠባል። ፍየል ግን በጠጥ የገባበትን ውኃ ተጠምቶም አይጠጣም። ባልዲውን ከፍ አድርገው ያስሩለት፣ በየቀኑ ይጠቡት፣ በብርዱ ወራት ጠዋት ለብ ያለ ያድርጉለት።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ፍየል አካሉ የጎደለውን አውቆ የሚፈልገው በእርግጠኝነት አንድ ነገር ነው፤ ጨው። አሞሌ እያለው ግድግዳ ከላሰ አሞሌውን ሄደው ይዩት። ብዙ ቤት መሬት ላይ ተጥሎ ሽንትና ጭቃ ነክቶት አያለሁ። ወይ በጓ ትከለክለዋለች። ወይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። የፍየል ምላስ እንደ በሬ ሻካራ አይደለም፤ ከጠጣር አሞሌ በቂ ለማግኘት ብዙ መላስ አለበት። አሞሌው ይቆይ፣ ነገር ግን የተፈጨ አዮዲን ያለው የወጥ ቤት ጨው በንጹሕ ጣሳ አድርገው ይጨምሩለት። ደጋው አካባቢ አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል፤ ሰው ላይ እንቅርት የሚያመጣው እጥረት ፍየል ላይም ያመጣል። ጨው ውኃ ያስጠጣል፣ ውኃው ጠጠሩን ይከላከላል። በዚህ በኩል ርካሹ መድኃኒት ጨው ነው።

አሞሌ ግን ጨው እንጂ ሚኒራል አይደለም። መዳብ የለውም፣ ዚንክ የለውም፣ ሴሌኒየም የለውም።

የጸጉሩ ነገር የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ጥቁር ፍየል ወደ ዝገት መልክ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመዳብ እጥረት ነው። የጅራቱን ጫፍ ይዩ። መሃሉ ተመልጦ እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት ከተከፈለ፣ ጸጉሩ ከርደድ ካለ፣ ዓይኑ ዙሪያ ከሳሳ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። የፀሐይ ብዛትም፣ የፕሮቲን ማነስም ጸጉር ያበላሻል። ከሁሉ በፊት ግን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ ያድርጉ። ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ መልካም። ነጣ ካለ ትል ደሙን እየመጠጠው ነው፤ በጠጡ ተመርምሮ መድኃኒት ይሰጠው። ትል ያለበት ፍየል ላይ ሚኒራል ማፍሰስ በተቀደደ ጆንያ እህል መሙላት ነው።

መኖ ቤት የሰጧችሁ ሚኒራል ላይ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በግና ፍየል አንድ ላይ ይጠራሉ፣ ለመዳብ ግን አንድ አይደሉም። ፍየል መዳብ በደንብ ይፈልጋል። በግ ጉበቷ ውስጥ ታጠራቅመውና አንድ ቀን ድንገት ትወድቃለች፤ ዓይኗ ቢጫ፣ ሽንቷ እንደ ጠላ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ «ለበግና ለፍየል» ተብሎ የሚሠራ ሚኒራል ብዙውን ጊዜ በጓን ላለመግደል መዳብ አይጨመርበትም። ከረጢቱን ገልብጠው ዝርዝሩን ያንብቡ። መዳብ ከሌለው አይጎዳውም፤ ግን ለጸጉሩ አይረዳውም።

ለቦቃ የምፈልግለት በዱቄት መልክ ያለ፣ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ 2 እጥፍ የሆነ፣ በኪሎው ከ1000 እስከ 1800 ሚሊ ግራም መዳብ ያለበት፣ ዚንክና ሴሌኒየምም የያዘ ሚኒራል ነው። ለፍየል ብቻ የተሠራ ካላገኙ ለወተት ላም ከሚሸጡት መካከል የሚቀርብ ይኖራል። የላም ሚኒራል መዳቡ ከፍ ሊል ስለሚችል ጽሑፉን ፎቶ አንስተው ሐኪም መጠኑን ያስላልዎ። ከላይ ባልኩት መጠን ከሆነ በቀን 10 ግራም ይበቃዋል። በእፍኙ ፉርሽካ ላይ ትንሽ ውኃ ረጨት አድርገው ይለውሱለት።

በጓስ? እሷ አትቅመሰው። ማታ ማታ ቦቃን ለብቻው አስረው፣ በልቶ እስኪጨርስ ቆመው ይዩ። ወይም አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ መደብ ከእንጨት ያሠሩና ጣሳውን እዚያ ላይ ያድርጉት። ፍየል መውጣት ይወዳል፤ በግ ከታች ቆማ ትመለከታለች። መኖ ቤት የሰጧችሁን ለእሷ ይስጧት፤ አይባክንም።

ሌሎች ሊሸጡልዎ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ዩሪያና ሞላሰስ ያለበት ብሎክ ጭድ ብቻ ለሚበሉ ከብቶች የተሠራ ነው። ቦቃ ነክሶ ቆርሶ ከበላው ዩሪያው ይመርዘዋል፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ባይገባ ይሻላል። የሴሌኒየም መርፌ ያለ ሐኪም አይሆንም፤ በሚያድነውና በሚገድለው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ድርቆሽና ቅጠል ለሚበላ ፍየል አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሽንቱን ለጠጠር ያመቻቻል። አሞኒየም ክሎራይድ ሽንቱን አሲዳማ አድርጎ ጠጠር ስለሚከላከል ይጠቅማል፤ እሱንም ሐኪም መዝኖ ይስጠው። ቫይታሚን አረንጓዴ ቅጠል እስካገኘ ድረስ አያስቡበት።

ፉርሽካውን በአንድ ቀን መቀነስ አይጎዳውም። መጮኹ አይቀርም፣ አይራሩለት። የምስር ገለባውን፣ አልፋልፋውንና አዲሱን ቅጠል ግን ቀስ እያሉ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስለምዱት። ከርሱ አዲስ መኖ ለመልመድ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ጸጉሩን ቶሎ አይጠብቁ። የወጣው አይመለስም፤ አዲስ የሚበቅለው ከ2 እና ከ3 ወር በኋላ ከሥሩ ጠቁሮ ከመጣ መዳቡ ሠርቷል ማለት ነው። ካልመጣ ይጻፉልኝ፤ ስትጽፉ የዓይን ቆቡን መልክና የሚኒራሉን ዝርዝር ጨምሩበት።

ለትንሹ ልጅዎ ደግሞ አንድ ሥራ ይስጡት። ፍየል ከተኛበት ሲነሳ ወዲያው ይሸናል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ቦቃ ሲሸና ይመልከት፤ ሽንቱ ሳይቆራረጥ በደንብ መውረዱን አይቶ መጥቶ ይንገርዎ። ከትልቅ ሰው ይልቅ ይህን የማይረሳው እሱ ነው።